ታክስና የመኖሪያ ቤት ዋጋ



የቤት ዋጋ የሚንረው በሲሚንቶና በብረት ብቻ ሳይሆን በሕግም ጭምር ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ያገለገለ መኖሪያ ቤት ሽያጭን ከታክስ ነፃ ሲያደርግ አዲሱን ቤት አላካተተም። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1341 ቢተካም የ15 በመቶው ልክ አልተለወጠም።

ለታክሱ የተመዘገበ ነጋዴ ለዕቃ ግዢ የከፈለውን ታክስ ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሳል። ለራሱ መኖሪያ የሚሠራ ደመወዝተኛ ግን የሚያቀናንስበት የለውም፤ በ1,000 ብር ሲሚንቶ ላይ የከፈለው 150 ብር ከግድግዳው ጋር ተገንብቶ ይቀራል። ማበረታቻ ለዚህ ሰው ካልደረሰ ለማን ሊደርስ ነው?

ስለዚህ በምናዘጋጀው የዋጋ ግምት ውስጥ ታክሱን ለብቻው ለይተን እንጻፍ። ሕግ አውጪው ሊቀንስ የሚችለው ለይቶ ያየውን ሸክም ነውና።