«ዉድ ዩ ማይንድ»፦ እሺታው በ«ኖ» የሚነገር ጥያቄ

አቅራቢ 1፦ «ዉድ ዩ ማይንድ» በእንግሊዝኛ ሰውን አንድ ነገር በትሕትና ለመጠየቅ የሚያገለግል ሐረግ ነው። «ማይንድ» እዚህ ላይ ቅር መሰኘትን ያመለክታል፤ ጥያቄው በጥሬው «ቅር ይልዎታል?» እንደማለት ነው።

አቅራቢ 2፦ ጣጣው መልሱ ላይ ነው። «መስኮቱን ቢከፍቱልኝ ቅር ይልዎታል?» የተባለ ሰው እሺ ካለ መልሱ «ኖ» ወይም «ኖት አት ኦል» ይሆናል፤ ቅር አይለኝም ማለቱ ነውና። «የስ» ካለ በሰዋስው ሕግ እምቢ ብሏል።

አቅራቢ 1፦ በሕግ እንጂ በኑሮ ሁልጊዜ አይደለም። አፋቸውን በቋንቋው የፈቱትም «የስ፣ ሹር» እያሉ መስኮቱን ይከፍታሉ፤ ጠያቂውም ከቃሉ ይልቅ ድምፁንና እጁን ያያል። እውነተኛው እምቢታ በባዶ «የስ» እምብዛም አይነገርም፤ ይቅርታ ይቀድመዋል፣ ምክንያት ይከተለዋል።

አቅራቢ 2፦ አድራጊው ተጠያቂው ሲሆን ግሱ «ኢንግ» ይጨምራል፦ «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው?» ጠያቂው ራሱ ሊከፍት ፈቃድ ሲሻ ግን «ኢፍ አይ ኦፕንድ» ይላል። ግሱ የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ይያዝ እንጂ መስኮቱ ገና ዝግ ነው፤ ቅርጹ የሚያገለግለው ጥያቄውን ለማለዘብ ነው።

አቅራቢ 1፦ «ዱ ዩ ማይንድ» ቀለል ያለ ነው፤ ከ«ኢፍ» በኋላም «ኦፕን» እንዳለ ይቀራል። ብቻውን፣ ጠንከር ባለ ድምፅ ከተነገረ ግን ትሕትናው ጠፍቶ ተግሣጽ ይሆናል፤ ወረፋ ጥሶ ለገባ ሰው እንደሚባለው።