የሽንት ጨርቁን ስንቀይር ቀለሙን እንይ
(በጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ ንግግር)



አራስ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «ፀሐይ ይሙቅ፣ ይለቀዋል» እንባባላለን። አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈውና ሰገራው ከነጣ ግን የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። አንዷ አባላችን ይህን የሰማችው ልጇ አምስት ወር ሲሞላው ነው። በሁለት ወር ውስጥ ቢደረስበት ኖሮ፣ ሐሞቱ የሚወርድበትን መንገድ በቀዶ ጥገና ለማበጀት ዕድል ነበረ። አሁን የቀረው የጉበት ንቅለ ተከላ ነው።

ተስፋ አለ። በ1989 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ አንዲት እናት ከጉበቷ ከፍላ ለልጇ ሰጥታለች፤ ጉበት መልሶ ያድጋልና። ዛሬ በሠለጠኑ ማዕከላት ከ10 ልጆች ከ8 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ፤ መድኃኒቱ ግን የዕድሜ ልክ ነው።

እህታችን ለመስጠት ቆርጣለች። ወጪውን እኛ እናዋጣ። ነጭ ሰገራ ያየን ዕለትም ነገ ሳንል ሐኪም ዘንድ እንሂድ።