ፊደልና የእጅ ስልክ በንባብ ትምህርት



በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የዘማቹ መምህር መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የፊደል ገበታ ነበር፤ ራዲዮም አግዞታል። ዛሬ ብዙ ሕፃን ፊደል ቈጥሮ ሳይጨርስ የወላጁን የእጅ ስልክ ይነካካል። ስለዚህ ጥያቄው ስልኩ ወደ ንባብ ትምህርት ይግባ ወይስ አይግባ አይደለም፤ ገብቷልና። ጥያቄው ፊደልን ያገለግላል ወይስ ያስረሳል ነው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቦታውን አግኝቷል። ሆኖም አንዳንዱ የስልክ መጻፊያ «ሉ»ን ለመጻፍ የላቲኖቹን «ኤል»ና «ዩ» ይጠይቃል። ይህ ሀሁ ቈጣሪውን ሕፃን በባዕድ ደጅ ወደ ገዛ ቤቱ እንዲገባ ማስገደድ ነው። ሌላው ግን «ለ» ሲነካ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ይዘረጋል፤ ይኸውም ራሱ የፊደል ገበታው ነው።

በበኩሌ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እጅ እርሳስ ይዞ ሳይለማመድ ጣት በመስተዋት ላይ አይቅደም። ሁለተኛ፣ ለጀማሪ ሰባቱን የሚዘረጋው መጻፊያ ይመረጥ፤ ቃሉን አስቀድሞ የሚገምተውም ይዘጋ፤ የተማሪውን ድርሻ ይሠራበታልና። ሦስተኛ፣ የድምፅ መቅጃው ሥራ ላይ ይዋል። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ይገልጻል። ተማሪው ንባቡን መልሶ ሲያደምጥ ስሕተቱን በጆሮው ያገኛል።

ምርጫውን መምህሩ ካላደረገ ስልኩ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ልጁ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ይለምዳል፤ ከለመደ በኋላ መመለሱ ከማስተማሩ ይከብዳል።