የቀረችውን ክንድ እንጠብቅ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በአስታማሚዎች ቡድን የቀረበ ንግግር)



ኩላሊቷ የደከመው እኅታችን እጥበት ከጀመረች ወዲህ ተራ ገብተን የምናስታምማት እኛ ነን። ዛሬ የቆምነው ለመዋጮ አይደለም፤ እሱንማ ሳትሰስቱ ሰጥታችኋል። ስለ ክንዷ ልንነግራችሁ ነው።

ሐኪሙ «ፊስቱላ ያስፈልጋታል» ሲለን ደነገጥን። እኛ ፊስቱላ ስንባል የምናውቀው በምጥ ብዛት የሚመጣውን ጉዳት ነዋ! ይኼኛው ሌላ ነው። የክንድን ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ማለት ነው። የእጥበት መሣሪያው በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ይስባል፤ ተራ ደም ሥር ይህን አይችልም። ሲገናኙ ግን ደም መልሱ እየሰፋና እየጠነከረ ይሄዳል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢወጋም ይችላል።

ይህ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ድሮ ለእያንዳንዱ እጥበት አዲስ ደም ሥር ይቀደድ ነበር፤ ደም ሥሩ ሲያልቅ ሕክምናውም ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ ዶክተር ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ አስገቡ። ቱቦው ብዙ ሕይወት አተረፈ፤ ግን ይዘጋል፣ ያመረቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ዶክተር ብሬሺያ፣ ዶክተር ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ያለ ቱቦ፣ በታማሚው በራሱ ደም ሥር መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። እስከ ዛሬም ለብዙ ታማሚ የሚመረጠው ይኸው ነው።

ነገር ግን ፊስቱላ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እኅታችን ሕመሟ ዘግይቶ ስለታወቀ አንገቷ ላይ ካቴተር ተደረገላት። ካቴተር ወዲያው ይሠራል፤ ጀርም ከገባበት ግን በቀጥታ ወደ ደም ነው። ሁለት ጊዜ በትኩሳት ተንቀጥቅጣ ተኛች።

አሁን ጥፋታችንን እንናገር። በተኛች ቁጥር መርፌ ሲፈለግ እጅጌዋን ሰብስበን «በዚህኛው ይታያል» እያልን ግራ ክንዷን ያዘረጋናት እኛው ነን። ያ ደም ሥር ለፊስቱላ ሲፈለግ ተጎድቶ ተገኘ፤ የተሠራላትም ተዘጋ። አሁን በቀኟ ተሠርቶላት ደርሷል። የቀረቻት እሷ ናት።

ስለዚህ ይህን ያዙልን። ኩላሊትሽ ታሟል የተባለች ሁሉ ገና ከጅምሩ የማትጽፍበትን ክንዷን ትጠብቅ፤ ደም ሲቀዳ ከእጅ ጀርባ እንዲሆን ትጠይቅ። ፊስቱላ ባለበት ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፤ ጠባብ አምባርም ሰዓትም አይደረግበትም፣ ተንተርሰውትም አይተኙም። ጠዋትና ማታ በጣት ሲዳሰስ እንደ ንብ ይነዝራል። ንዝረቱ ከጠፋ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ነው። ካቴተር ያለባት ደግሞ ውኃ አታስነካው፤ ብርድ ብርድ ካላትና ካተኮሳት ሳታድር ትሂድ።

እኅታችን ቀኝ እጇ ነው ሠራተኛው። ጀሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት የለመደችው በእሱ ነው፤ «ተይ» ብንላት ሰው ማስቸገር ታፍራለች። እንግዲህ ሳትጠይቀን እንድረስላት። ውኃውን በተራ እንቅዳላት፣ እንጀራዋንም ከእኛ ጋር እንጋግርላት። ተራ የምትገቡ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።