የልጅ ቀለብና ባሕር ማዶ ያለ አባት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባል የሞተባትን ሴት እድራችን እንዴት እንደሚደግፍ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ገንዘቡም ይሰጣል። ባሏ በሕይወት እያለ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ልጆቹን የረሳባት ሴት ግን ድንኳን የሚተክልላት የለም። ዛሬ የምናገረው ስለ እርሷ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ የሚለው እንጀራን ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ይጨምራል። ልኩም በልጁ ችግርና በከፋዩ አቅም ይወሰናል። ታዲያ እናትየዋ እዚህ ከስሳ ብትረታ፣ ፍርዱን በፖስታ ልኮ ገንዘብ መጠበቅ የሚበቃ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ያንዱ አገር ፍርድ ሌላ አገር የሚፈጸመው የዚያ አገር ዳኛ ሲቀበለው ነው።

እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። አንዲት እናት ውጭ አገር ቀለብ አስቆርጣ አባትየው አዲስ አበባ ቢመለስ፣ የፍርዱን የተረጋገጠ ግልባጭና ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አያይዛ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታመለክታለች። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 458 አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑን፣
2ኛ/ ፍርድ ቤቱ በሕግ የተቋቋመ መሆኑን፣
3ኛ/ ተከሳሹ ቀርቦ ለመከላከል ዕድል ማግኘቱን፣
4ኛ/ ፍርዱ የመጨረሻና ሊፈጸም የሚችል መሆኑን፣
5ኛ/ ለሞራልና ለሕዝብ ጸጥታ ተቃራኒ አለመሆኑን ነው።

የመጀመሪያው ብዙ ያሰናክላል። ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በውል ለማቃለል ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 በኒው ዮርክ፣ በ2007 ደግሞ በሄግ ስለ ቀለብ ስምምነት ተፈርሟል። አሜሪካም በሄጉ ውል ከ2017 ጀምሮ ትሠራበታለች። በውሉ የገቡ አገሮች መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ተጻጽፈው ያስፈጽማሉ። ኢትዮጵያ ግን በሁለቱም ስላልገባች ይህ መንገድ ለእኛ እናቶች አልተከፈተም። ውል በሌለበት የአሜሪካ ዳኛ ፈቅዶ ፍርዳችንን ሊቀበል ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ከተቻለ ክሱ አባትየው በሚኖርበትና ደመወዝ በሚበላበት አገር ይቅረብ። አሜሪካን አገር ቀለብ ከተቆረጠ አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ እንዲያስገባ ይታዘዛል። እዚህ መክሰስ ግድ ከሆነ ደግሞ፣ በሌለበት ቶሎ ለማስፈረድ አንቸኩል፤ መጥሪያው በእርግጥ እጁ ይድረስ፣ መድረሱም በጽሑፍ ይያዝ። «አልሰማሁም» ካለ ፍርዱ እዚያ ይወድቃል። የልጁ የልደት ማስረጃና አባትየው ድሮ የላከበት ደረሰኝም አይጣሉ።

አድራሻውንስ ማን ያውቃል? ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ወንድሙ፣ አክስቱ፣ አብሮ አደጉ እዚሁ እድር ውስጥ ተቀምጦ «የሰው ትዳር ውስጥ አልገባም» ይላል። ትዳሩ የነሱ ጉዳይ ይሁን፤ ልጁ ግን የሰፈራችን ልጅ ነው። የምናውቀውን አድራሻ ለእናትየዋ እንስጣት።