በምርጫ ሰሞን አብረን እንድንጸልይ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እዚህ የምንቆመው ሁልጊዜ የሒሳብ ሪፖርት ይዘን ነው። ዛሬም የምንነሣው ከመዝገቡ ነው፤ ነገሩን መጀመሪያ ያየነው እዚያ ነውና።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተካሄደው 6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ በፊት ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ አንዲት እህታችን ስትጸልይ የአንድ ፓርቲ ስም ጠርታ እንዲያሸንፍ ለመነች። ሌላዋ ዓይኗን ገልጣ፣ «ይሄ ጸሎት ነው ቅስቀሳ?» አለቻት። «አንቺማ ድሮም እምነትሽ ለብ ያለ ነው» የሚል መልስ መጣ። የቀረውን አንደግመውም። እኛም ዝም ብለን ቡናችንን ጠጣን።

የተነገራት እህት አራት ሳምንት ቀረች። በቁጠባ መዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት አራት ባዶ ቦታ ሆነ። ለብድሯ ዋስ የነበረችው ደግሞ ያችው የጸለየችው ናት፤ «ዋስትናዬን አንሡልኝ» ብላ መጣች። የፓርቲ ነገር እንዲህ አድርጎ በርበሬ ንግድና የልጆች ደብተር ውስጥ ገባ።

ስለ ፓርቲ መከራከሩን አንጠላም፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት ብናስብ ምርጫ ለምን ያስፈልጋል? የከፋው የሰውን እምነት በምርጫው መመዘናችን ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ድምፅ የሚሰጠውም በምስጢር ነው፤ ባልም ሰባኪም አያየውም።

ጋሞ ደግሞ ዱቡሻ ያለው አገር ነው። እዚያ ተናጋሪ ከክርክሩ በፊት ይመርቃል። (ንግግሩ በአብዛኛው የወንዶች መሆኑን ሳንረሳ ነው ይህን የምንለው።) በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለተገደሉት ወገኖቻችን ልባችን ሲቃጠል፣ ሽማግሌዎቻችን እዚሁ አርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ።

ወደ እህታችን ቤት ስንሄድ አንዲት እናታችን ከመንገድ ዳር ሣር ነጨች። እኛ ልጆቹ «ለዚች ነገር?» ብለን አፈርን። በሩ ሲከፈት ግን መጀመሪያ የታየው ሣሩ ነበር። «ያልጠየቅሽን ስንዘልፍ ዝም ያልነው እኛ ነን» አልናት። ወዲያው አልታረቀችም፤ ቡና ግን አፈላች።

አሁንም የምርጫ ሰሞን ነው። የተስማማነው ጥቂት ነው። ለአገርና ለምርጫው ሰላም እንጸልያለን፣ የፓርቲ ስም አንጠራም። የፓርቲ ቲሸርትና ኮፍያ ቤት ይቀራል። መከራከር የፈለገች ቁጠባው ተቆጥሮ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ትከራከር፤ ስትጀምር ግን ሌላዋን መርቃ ነው። ማንም በምርጫዋ ምክንያት ብድር አትከለከልም፣ ዋስም አታጣም።

ሁለቱ እህቶች ዛሬም ጎን ለጎን አይቀመጡም። ዋስትናው ግን አልተነሣም፤ ብድሩም ተከፍሎ አልቋል።