«በአጭሩ ምን አለች?»



ባለፈው ዓመት ከትምህርት ጓደኞቼ ጋር ለጥናት ወደ ጎንደር ሄጄ ነበር። ስለ ጉዞው ንገሪን ስትሉኝ ስለ ፋሲል ግንብና ወለቃ ላይ ስላየነው የሸክላ ሥራ ላወራ አስቤ ነበር። እሱን ግን ከፎቶው ታዩታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ከቡድናችን አማርኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሥራው አዲስ አልነበረም። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ አያቴን ኩፓት ሆሊም የማደርሳት እኔ ነኝ። ሐኪሙ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ እሷ አምስት ደቂቃ ትናገራለች፣ እኔ «ጉልበቷን ያማታል» ብዬ እጨርሰዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍርም ነበር፣ እቸኩልም ነበር።

አምቦበር ስንደርስ ለአያቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። «ፊትሽን ወደ ጸሎት ቤቱ አዙሪ» አለችኝ። «በስተቀኝ ቁልቁለት አለ?»

«አለ፣ እምዬ።»

«እሱን ውረጂ፤ ወንዙን ታገኛለሽ። ውኃ የምንቀዳው ከዚያ ነበር።»

ወረድኩ፤ ወንዙ አለ። ጓደኞቼም ተከተሉኝ። ከዚያ አያቴ ዝም አለች። ቆይታ «በ1984 ሌሊት የወጣነው በዚያ በኩል ነው፤ አምስት ሆነን ወጣን፣ አራት ሆነን ገባን» አለች። ኡም ራኩባ ሰፈር፣ ሱዳን ውስጥ፣ የሦስት ዓመት ልጇን ቀብራለች። የአባቴን ታናሽ እህት ማለት ነው። አክስት እንደነበረችኝ እኔ አላውቅም ነበር።

አስተማሪያችን በዕብራይስጥ «በአጭሩ ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳጠር አቃተኝ።

በሱዳን መንገድ 4000 ገደማ ሰዎች እንዳለቁብን ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ሄርጽል ተራራ ባለው መታሰቢያም በየዓመቱ ቆሜያለሁ። ከእነሱ አንዷ የቤታችን ልጅ መሆኗን ግን የሰማሁት አምቦበር ወንዝ ዳር ነው።

ስመለስ አባቴን «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እኔም ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እናቴን እንዳላስለቅሳት ጠይቄያት አላውቅም» አለኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስታችን አብረን እንቀመጣለን። አንዳንድ ቀን ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን አታወራም።

ወጣቶች፣ አያቶቻችሁን «ሱዳን እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር?» በሏቸው። ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል። አማርኛችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ፤ የእኔም ተሰባብሮ ነው የደረሰው።

ወላጆቻችንም፣ «ልጆቹ አይገባቸውም» አትበሉን። ባይገባን ደግመን እንጠይቃለን። ብቻ ሳይነገረን አይቅር።

እግዚአብሔር ዕድሜያችሁን ያርዝምልን።